ጉዳት ሲደርስብዎ ካሣ የሚጠየቅበት መንገድ፦ «ቸልተኝነት ነው» ከማለትዎ በፊት ማወቅ ያለብዎ

በኮዬ ፈጬ፣ በቱሉ ዲምቱ፣ በየካ አባዶ፣ በአስኮ ዳር ግንባታ አያልቅም። ለፍሳሽ የተቆፈረ ቦይ ክረምቱን ሙሉ ሳይከደን ይከርማል። የገረጋንቲ ክምር ግማሹን መንገድ ይዞ ያድራል። ኮለን የሌለው የብሎኬት አጥር በሐምሌ ዝናብ መሠረቱ ርሶ ይንጋደዳል። ሰው ሲጎዳ ከሁሉም አፍ የሚወጣው ቃል «ቸልተኝነት ነው!» የሚል ነው። እውነት ሊሆን ይችላል። ነገር ግን በፍርድ ቤት ቸልተኝነትን ማስረዳት ከባድ ሸክም ነው፤ ብዙ ተጎጂም ሕጉ ያልጫነበትን ይህን ሸክም ራሱ አንሥቶ ይሸከምና መንገድ ላይ ይቀራል። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ጉዳዩ በየትኛው የሕግ ቁጥር እንደሚገባ መለየት ነው። ምን ማስረዳት እንዳለብዎ የሚወስነው እሱ ነው።

ጉዳዩ የሚገዛው በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ውስጥ «ከውል ውጭ ስለሚደርስ ኃላፊነት» በሚለው ክፍል ነው፤ ከቁጥር 2027 ይጀምራል። ቁጥር 2027 ሦስት መንገዶችን ያሳያል፦ ሰው በራሱ ጥፋት ይጠየቃል፤ ጥፋት ባይኖርበትም ሕግ በሚያዝበት ጊዜ ይጠየቃል፤ ሕግ ኃላፊ ባደረገው ሰው ጥፋትም ይጠየቃል። ቸልተኝነት የሚገባው በመጀመሪያው ውስጥ ነው።

በመካከላችሁ ውል ካለ ግን ቆም ይበሉ። ያከራየዎት ሰው፣ ቤት የሠራልዎ ተቋራጭ ወይም ከፍለው የተሳፈሩበት መኪና ባለቤት ግዴታውን ባለመወጣቱ የመጣ ጉዳት በውል ሕግ ነው የሚታየው (ቁጥር 2037)። በሥራ ላይ የተጎዳ ሠራተኛም፣ የቀን ሠራተኛ ቢሆን እንኳ፣ በቅድሚያ የሚያየው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ን ነው። እዚያ አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ይጠየቃል፤ የጊዜ ገደቡ ግን አጭር ስለሆነ ነገ ዛሬ አይበሉ።

ቸልተኝነት የሚመዘነው በምንድን ነው?

ቁጥር 2028 በጥፋቱ ሌላውን የጎዳ ሰው ካሣ እንዲከፍል ያዛል። ቁጥር 2029 ጥፋት ታስቦ ወይም በቸልተኝነት ሊፈጸም እንደሚችል፣ አንድን ነገር በማድረግም ሆነ ባለማድረግ ሊሆን እንደሚችል ይናገራል። ሚዛኑ ያለው በቁጥር 2030 ነው፦ በዚያ ቦታ አስተዋይ ሰው ቢሆን ምን ያደርግ ነበር? የተከሳሹ የልብ ቅንነት ወይም ጠባይ አይመዘንም። «ክፉ ሰው አይደለም፣ አስቦ አይደለም» የሚለው መከራከሪያ ቸልተኝነትን አያስቀርም፤ ቸልተኝነት ሲጀመርም ሳይታሰብ የሚደርስ ነው።

ይህ ሚዛን የሚሠራው በዝርዝር ሲቀርብ ብቻ ነው። አንድ ሰው ከቤቱ ደጃፍ ባለ የእግር መንገድ ላይ 1.5 ሜትር ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ለሴፕቲክ ታንክ አስቆፍሮ ከፍቶ ሄደ እንበል። ምሽት 2 ሰዓት ላይ መብራት ጠፍቶ ሳለ መንገደኛ ገባበትና እግሩ ተሰበረ። «ተከሳሽ ቸልተኛ ነው» ብሎ መጻፍ ለዳኛው ምንም አይነግረውም። የሚጻፈው እንዲህ ነው፦ ጉድጓዱ ሰው በሚመላለስበት መንገድ ላይ ነው፤ ለስንት ቀን ክፍት ነበር፤ ጣውላ ወይም ቆርቆሮ አልተደረገበትም፤ ዙሪያው በገመድ ወይም በበርሜል አልታጠረም፤ ሌሊት የሚያሳይ ምልክት አልነበረውም፤ ይህን ለማድረግ የሚያስፈልገው ሁለት ጣውላና ጥቂት ሜትር ገመድ ብቻ ነበር። የመጨረሻው ነጥብ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል፣ ክብደቱ ግን ትልቅ ነው። አደጋው አስቀድሞ የሚታይ፣ መከላከያው ደግሞ ርካሽ በሆነ ቁጥር አለመከላከሉ ቸልተኝነት መሆኑ ይጎላል።

ቀጥሎ ጉዳቱ የመጣው በዚያ ጉድለት ምክንያት መሆኑ ይታያል። ብዙ ክስ የሚሰነጠቀው እዚህ ላይ ነው። ጉድጓዱ ክፍት መሆኑ ተረጋግጦ ሳለ፣ እግሩ የተሰበረው እዚያ ገብቶ ይሁን ሌላ ቦታ ወድቆ ማንም ያላየ ከሆነ ጥፋትና ጉዳት ሳይገናኙ ይቀራሉ። ስለዚህ ጉድጓዱን ብቻ ያየ ምስክር አይበቃም፤ ሲወድቅ ያየ፣ ወይም ከጉድጓዱ ያወጣ ሰው ያስፈልጋል።

ሁለት አቋራጮችም አሉ። በግልጽ የተጻፈ ሕግን ወይም የአስተዳደር ደንብን የጣሰ ሰው በዚያው ጥፋተኛ ነው (ቁጥር 2035)፤ «ሕጉን አላውቅም ነበር» ማለት አያድነውም። ስለዚህ የተጣሰ የግንባታ ወይም የትራፊክ ደንብ ካለ አንቀጹን ፈልገው ይጥቀሱ። ባለሙያ ደግሞ፣ ሐኪም፣ መሐንዲስ ወይም የኤሌክትሪክ ሠራተኛ፣ በሙያው ደንብ ነው የሚለካው (ቁጥር 2031)። የሙያውን ደንብ ለፍርድ ቤት የሚያስረዳ ሌላ ባለሙያ ሳይዙ በዚህ ቁጥር መክሰስ ከንቱ ድካም ነው።

ቸልተኝነት ማስረዳት የማያስፈልግባቸው ጉዳዮች

በከተማ ዳርቻ ከሚደርሱት አደጋዎች ብዙዎቹ የሚገቡት እዚህ ነው፤ ስለዚህ ይህን ክፍል ደግመው ያንብቡት።

መኪና፣ ባጃጅ፣ ሞተር፣ ሚክሰር፣ ኤክስካቫተር፦ የማሽኑ ወይም የተሽከርካሪው ባለቤት፣ መኪናውን የነዳው እንዲነዳ ያልተፈቀደለት ሰው ቢሆን እንኳ፣ ለደረሰው ጉዳት ይጠየቃል (ቁጥር 2081)። የሚያመልጠው መኪናው በዚያ ጊዜ ተሰርቆ እንደነበር ካስረዳ ነው። ስለዚህ እግረኛን አይሱዙ ሲገጨው ሾፌሩ ፈጥኖ ነበር አልነበረም የሚለውን ማስረዳት የእግረኛው ግዴታ አይደለም። ሁለት ተሽከርካሪዎች ሲጋጩ ግን ነገሩ ይለያል። ሕጉ ሁለቱም እኩል እንዳደረሱት ይቆጥርና እያንዳንዱ ባለቤት የጠቅላላውን ጉዳት ግማሽ እንዲችል ያደርጋል፤ አደጋው በሙሉ ወይም በአብዛኛው በአንዱ ሾፌር ጥፋት መድረሱ ሲረጋገጥ ግን ግማሽ በግማሽ የሚባለው ይቀራል (ቁጥር 2084)። በግጭት ጊዜ የትራፊክ ፖሊስ ፕላን የሚፈለገው በዚህ ምክንያት ነው።

ሕንፃና አጥር፦ የሕንፃ ባለቤት ሕንፃው ለሚያደርሰው ጉዳት፣ አስቀድሞ ሊታይ የማይችል ቢሆንም፣ ይጠየቃል (ቁጥር 2077)። ከቤት ለወደቀ ዕቃ ደግሞ የሚጠየቀው በቤቱ የሚኖርበት ሰው ነው (ቁጥር 2080)፤ ከኮንዶሚኒየም በረንዳ የወደቀ የአበባ ማሰሮ ካለ የሚፈልጉት ነዋሪውን እንጂ አከራዩን አይደለም። የጎረቤትዎ ግንብ ወደ እርስዎ ግቢ ከተንጋደደ ደግሞ እስኪወድቅ አይጠብቁ፤ ጉዳት የሚያሰጋው ሰው ባለቤቱ አስፈላጊውን እርምጃ እንዲወስድ መጠየቅ ይችላል (ቁጥር 2079)። ጥያቄውን በጽሑፍ አድርገው ቀን ይጻፉበት፣ ግልባጩን ይያዙ። ግንቡ በኋላ ቢወድቅ ያ ወረቀት ሊተካ የማይችል ማስረጃ ነው።

እንስሳ፦ ውሻ፣ በሬ፣ አህያ። ባለቤቱ እንስሳው ሳይታሰብ አምልጦ ቢሆንም እንኳ ይጠየቃል (ቁጥር 2071)።

ካባ፣ ቁፋሮ፣ ፈንጂ፣ ከፍተኛ የኤሌክትሪክ መስመር፦ ፈንጂ ወይም መርዝ በመጠቀም ወይም በማከማቸት፣ ከፍተኛ ኃይል ያለው የኤሌክትሪክ መስመር በመዘርጋት፣ የመሬትን አቀማመጥ በመለወጥ ወይም እጅግ አደገኛ በሆነ የኢንዱስትሪ ሥራ ሰውን ለአደጋ ያጋለጠ ሰው አደጋው ሲደርስ ይጠየቃል (ቁጥር 2069)። አደጋውን የፈጠረው መንግሥት ቢሆንም፣ ሥራው ፈቃድ ያለው ቢሆንም ያው ነው። ድንጋይ ወጥቶበት ክረምት ውኃ የሞላው ካባ ልጆችን ሲጎዳ «ፈቃድ አለን» የሚለው መልስ የማይበቃው ለዚህ ነው።

የአካል ጉዳት፦ በድርጊቱ በሌላ ሰው ላይ የአካል ጉዳት ያደረሰ ሰው ጥፋት ባይኖርበትም ይጠየቃል (ቁጥር 2067)። ቁልፉ ቃል «በድርጊቱ» የሚለው ነው። ከፎቅ ብረት የጣለ ሰው እዚህ ይገባል፤ ጉድጓድ ሳይከድን የተወው ግን ያላደረገው ነገር ስላለ እንጂ ስላደረገው ስላልሆነ ወደ 2028 እና 2029 መመለስ ይሻላል።

በእንስሳ፣ በሕንፃ፣ በተሽከርካሪና በአደገኛ ሥራ ጉዳይ ተከሳሹ «አላጠፋሁም»፣ «መንስኤው አልታወቀም»፣ «ልከላከለው አልችልም ነበር» ወይም «ያጠፋው ሌላ ሰው ነው» ብሎ ማምለጥ አይችልም። የሚያድነው ጉዳቱ በሙሉ ወይም በከፊል በተጎጂው ጥፋት መድረሱ ነው (ቁጥር 2086)። ስለዚህ የተከሳሽ ጠበቃ ኃይሉን ሁሉ የሚያውለው በእርስዎ አኳኋን ላይ ነው፦ በዜብራ ተሻገሩ? ጠጥተው ነበር? ሄልሜት አድርገው ነበር? ለእነዚህ መልስ አዘጋጅተው ይግቡ።

እንደ ልማድ ጠንከር ያለው ክስ ሁለቱንም ይይዛል፦ በዋናነት ጥፋት የማያስፈልገውን ቁጥር፣ በአማራጭ ደግሞ ቸልተኝነትን።

ማንን ይከሳሉ?

መኪና ከሆነ በሊብሬው ላይ ስሙ ያለውን ሰው ያጣሩ። በዳርቻው ብዙ ባጃጅና አይሱዙ በውል ብቻ ተሽጦ ስመ ሀብቱ ሳይዛወር ይዞራል፤ የገዛውንም በሊብሬ ያለውንም አብረው ይክሰሱ። ሾፌሩ ተቀጣሪ ከሆነ አሠሪው በሥራው ላይ ላደረሰው ጉዳት ይጠየቃል (ቁጥር 2130)። በመኪናው መስታወት ላይ ካለው የሦስተኛ ወገን መድን ስቲከር የኩባንያውን ስምና ቁጥር ፎቶ አንሡ፤ ይህ መድን ግዴታ ነው። ገጭቶ የሸሸ ወይም መድን የሌለው ተሽከርካሪ ከሆነ ለዚሁ የተቋቋመ የመድን ፈንድ ስላለ ተስፋ አይቁረጡ።

ግንባታ ከሆነ ጥያቄው ሥራው እንዴት ተሰጠ የሚለው ነው። ባለቤቱ በቀን ቀጥሮ፣ ራሱ ቆሞ «እዚህ ቆፍሩ፣ እዚያ ጣሉ» እያለ ካሠራ አሠሪ ነው። ሥራውን በኮንትራት ለተቋራጭ ሰጥቶ ተቋራጩ በራሱ ነፃነት የሚሠራ ከሆነ፣ በተቋራጩ ጥፋት ባለቤቱ አይጠየቅም (ቁጥር 2134)። ከውጭ ያለ ሰው ይህን ሊያውቅ ስለማይችል ሁለቱንም መክሰስ ነው የሚበጀው። ለአንድ ጉዳት ኃላፊ የሆኑ ብዙ ሰዎች በአንድነትና በነጠላ ይጠየቃሉ (ቁጥር 2155)፤ ገንዘብ ካለው ሙሉውን ተቀብለው እነሱ በመካከላቸው እንዲተሳሰቡ መተው ይችላሉ ማለት ነው። አካለ መጠን ያላደረሰ ልጅ ላደረሰው ደግሞ አባቱ ይጠየቃል (ቁጥር 2124)።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት

የጉዳቱን መጠንና ተከሳሹን ኃላፊ የሚያደርገውን ሁኔታ ማስረዳት የተጎጂው ሸክም ነው (ቁጥር 2141)። ጉድጓድ በማግስቱ ይደፈናል፣ የወደቀ ብሎኬት ይነሣል፣ ገረጋንቲው ይበተናል። ስለዚህ ቤተሰብ ሆስፒታል ሲሯሯጥ አንድ ሰው ቦታው ላይ ይቅር።

ፎቶ ሲያነሡ ከሩቅ፣ ከመካከልና ከቅርብ ያንሡ። ከሩቁ ውስጥ ቦታውን የሚያስለይ ነገር፣ ምሰሶ፣ ሱቅ ወይም የብሎክ ቁጥር፣ ይግባ። በቅርቡ ሜትር ዘርግተው ጥልቀቱና ስፋቱ ይታይ። አደጋው የደረሰው በጨለማ ከሆነ በሚቀጥለው ምሽት በዚያው ሰዓት ደግመው ያንሡ፤ በቀን የተነሣ ፎቶ ጉድጓዱን ግልጽ አድርጎ ስለሚያሳይ በእርስዎ ላይ ይዞራል። በአካባቢው ካሜራ ያለው ሱቅ ወይም ፋብሪካ ካለ በዚያው ቀን ይጠይቁ፤ ቅጂው በላዩ እየተቀዳበት ይጠፋል።

ለፖሊስ ያመልክቱ፤ ፖሊስ ለሕክምና ተቋሙ የሚጽፈውን የማስረጃ መጠየቂያ ይዘው ይሂዱ። የሕክምና ማስረጃው ጉዳቱን ብቻ ሳይሆን የደረሰበትን ሁኔታ እንዲጠቅስ፣ ሲገቡ ለሐኪሙ በትክክል ይንገሩ። «ወደቅኩ» እና «ክፍት ቦይ ውስጥ ገባሁ» የሚሉት ሁለት ካርዶች በችሎት ፊት የተለያየ ዋጋ አላቸው። የምስክሮችን ሙሉ ስም፣ ስልክና ሰፈር ይመዝግቡ፤ የቀን ሠራተኛ ሥራው ሲያልቅ ወደ ሌላ ሳይት ይሄዳልና በኋላ ማግኘት ይቸግራል።

ለአንድ ጉዳት የወንጀል ክስም ሊኖር ይችላል። ተከሳሹ በወንጀል ነፃ ቢባል የፍትሐ ብሔር ዳኛው በዚያ አይታሰርም (ቁጥር 2149)። የወንጀሉ ፋይል እስኪያልቅ መጠበቅ ግን ጊዜዎን ይበላል።

ካሣው እንዴት ይሰላል?

ካሣ ከደረሰው ጉዳት ጋር እኩል ነው (ቁጥር 2091)፤ ለማትረፊያ አይሆንም። አንድ ግንበኛ በቀን 700 ብር፣ በወር 22 ቀን ይሠራል እንበል። በወር 15,400 ብር ነው። 3 ወር ከሥራ ውጭ ቢውል 46,200 ብር ያጣል። የሕክምና ደረሰኙ 28,500 ብር፣ ለ12 ምልልስ የባጃጅ 3,600 ብር ቢሆን ድምሩ 78,300 ብር ይሆናል። ፍርድ ቤቱ የተጎጂውን ጥፋት ሩብ አድርጎ ቢቆጥረው (ቁጥር 2098) 58,725 ብር ይወሰንለታል።

ቋሚ ጉዳት ካለ የሕክምና ቦርድ የሚሰጠው መቶኛ ያስፈልጋል። 20 በመቶ ቢባል ከላይ ካለው ገቢ በወር 3,080 ብር፣ በዓመት 36,960 ብር ይጎድላል፤ ይህ በቀሩት የሥራ ዓመታት ይታሰባል። መድረሱ እርግጠኛ የሆነ የወደፊት ጉዳት እስኪደርስ ሳይጠበቅ ይጠየቃል (ቁጥር 2092)። የቀን ገቢ ወረቀት ስለሌለው የአሠሪ ደብዳቤ፣ አብረው የሚሠሩ ሰዎች ምስክርነት ወይም የባንክና የሞባይል ገንዘብ ዝርዝር ያቅርቡ። ልኩ በትክክል ሊታወቅ ካልቻለ ዳኛው በርትዕ፣ ማለትም ሚዛናዊ በሆነ ግምት፣ ይቆርጣል (ቁጥር 2102)፤ ምንም ሳያቀርቡ በርትዕ ላይ ብቻ መደገፍ ግን ትንሽ ይዞ መመለስ ነው። ሟች ካለ ባል ወይም ሚስት፣ ወላጆችና ልጆች ያጡትን መተዳደሪያ በራሳቸው ስም ይጠይቃሉ (ቁጥር 2095)።

ለሞራል ጉዳት ሕጉ የሚፈቅደው ከ1,000 ብር አይበልጥም (ቁጥር 2116)። ዛሬ ይህ ገንዘብ ለቤተሰብ ሐዘን ምንም እንዳልሆነ ግልጽ ነው፤ መሻሻል ያለበት ቁጥር ነው። ቢሆንም በክሱ ላይ 500,000 ብር የሞራል ካሣ ብሎ መጻፍ የዳኝነት ክፍያውን ከፍ ከማድረግ በቀር አይጠቅምም፤ ክፍያው የሚታሰበው በጠየቁት ገንዘብ ልክ ነውና። የዳኝነት ክፍያ መክፈል የማይችል ሰው አቅም እንደሌለው ከወረዳው ማስረጃ አምጥቶ፣ ሳይከፍል እንዲከስ ለፍርድ ቤቱ ማመልከት ይችላል።

ሽማግሌ ሲመጣ

ሽምግልና መልካም ነው፤ ብዙ ጉዳይ በሳምንት ይቋጭበታል። ጉዳቱ ሳይለይ መፈረም ግን አደገኛ ነው። በጽሑፍ የተደረገ እርቅ በተዋዋዮቹ መካከል ይግባኝ እንደሌለው የመጨረሻ ፍርድ ይቆጠራል (ቁጥር 3312)። እግሩ በጀሶ ታስሮ ሳለ 10,000 ብር ተቀብሎ «ከእንግዲህ ምንም አልጠይቅም» ብሎ የፈረመ ሰው፣ ከሦስት ወር በኋላ ዳግም ቀዶ ሕክምና ቢታዘዝለት በሩ ተዘግቶ ያገኘዋል። ለሕክምና የሚሰጠውን ይቀበሉ፣ ወረቀቱ ላይ ግን እንዲህ ይባል፦ «ይህ ገንዘብ ለእስካሁኑ ሕክምና ብቻ የተከፈለ ሲሆን ቀሪ የካሣ መብቴ እንደተጠበቀ ነው።» ይህን ለመጻፍ እምቢ የሚል ሰው ሐሳቡ ምን እንደሆነ ያኔ ያውቁታል።

የትና እስከ መቼ?

ክሱ ጉዳቱ ከደረሰ ጀምሮ በ2 ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት (ቁጥር 2143)። አደጋው ሰኔ 12 ቀን 2016 ዓ.ም. ከደረሰ ሰኔ 11 ቀን 2018 ዓ.ም. ሳያልፍ ክሱ መዝገብ ቤት ይግባ። ድርጊቱ ወንጀል ሆኖ የወንጀሉ ይርጋ (ክስ የሚቀርብበት የጊዜ ገደብ) ከዚህ የሚረዝም ከሆነ ረጅሙ ይሠራል፤ እሱን ግን መጠባበቂያ አድርገው ይያዙት እንጂ አይተማመኑበት። ሽምግልና መቀመጥ ብቻውን ቀኑን አያቆመውም።

ቦታው በዳርቻ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነው። ጉዳቱ የደረሰበት ወይም ተከሳሹ የሚኖርበት ቦታ ፍርድ ቤት ነው የሚመረጠው። አዲስ አበባ ውስጥ ከሆነ ጉዳዩ በፌዴራል ፍርድ ቤት ይታያል፤ እስከ 10 ሚሊዮን ብር በመጀመሪያ ደረጃ፣ ከዚያ በላይ በከፍተኛው ነው። መንገዱን ተሻግሮ በሸገር ከተማ ክልል፣ በቡራዩ፣ በሰበታ፣ በሱሉልታ ወይም በገላን ከሆነ የኦሮሚያ ፍርድ ቤት ነው፣ የሥራ ቋንቋውም አፋን ኦሮሞ ነው። የሰፈር ስምና የታክሲ መስመር ስለሚያሳስት፣ ቦታው በየትኛው ወረዳ እንደሆነ ከወረዳ ጽሕፈት ቤት ያረጋግጡ። በተሳሳተ ቦታ የገባ ክስ ሲመለስ ወራት ያልፋሉ፤ በሁለተኛው ዓመት መጨረሻ የተጀመረ ከሆነ ደግሞ መብቱ አብሮ ያልፋል።

ከክሱ ጋር የማስረጃ ዝርዝር፣ የምስክሮች ስምና አድራሻ፣ እያንዳንዱ ምስክር የሚያስረዳው ነጥብ፣ እንዲሁም የደረሰኞቹ ቅጂ ይያያዛሉ። የተከሳሹ አድራሻ እስከ ቤት ቁጥሩ ወይም እስከ ሳይቱ ምልክት ድረስ ይጻፍ፤ መጥሪያ ሳይደርሰው የሚመላለስ መዝገብ የዳርቻ ሰፈር ትልቁ መዘግየት ነው። ጠበቃ የሚከፍሉት ከሌለዎ በዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤቶች ሥር ያሉ ነፃ የሕግ ድጋፍ ማዕከላት አቤቱታ ይጽፋሉ።

ክሱን በሚያስገቡበት ቀን አንድ ተጨማሪ ወረቀት ይያዙ፦ መኪናው ወይም ማሽኑ እስከ ፍርድ ድረስ እንዳይሸጥና ስመ ሀብቱ እንዳይዛወር የዕግድ ማመልከቻ። የሰሌዳ ቁጥሩን፣ ከተቻለም የሻንሲ ቁጥሩን ይጻፉበት፤ ከተፈቀደ ትእዛዙን ራስዎ ለመዝጋቢው መሥሪያ ቤት አድርሰው የተቀባዩን ፊርማና ማኅተም ይዘው ይመለሱ።